ከፍላንጁ ማዶ

እናቴ ስትደውልልኝ ሁልጊዜ የምትጀምረው «ምሳ በላሽ?» ብላ ነው። የዚያን ቀን ግን «ትዕግሥት» ብላ ስሜን ጠራች። ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ከፈተና ክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። ከእናቴ ድምፅ ኋላ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ ሙሄ ዐረፉ» አለችኝ። «ጠዋት ሱብሂ ሰግደው ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ነው። አሁን ሊወስዷቸው ነው። ለቀብሩ አትደርሽም፤ ግን ነይ።»

«እትዬ ከድጃስ?» አልኳት።

 «እሳቸው አላወቁም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በባጃጅ መናኸሪያ ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። መርሳ ስደርስ ከቀብር የሚመለሰው ሰው አስፓልቱን ሞልቶታል። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ነጠላ ያጣፉ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከሐራ ድረስ የመጡ ገበሬዎች አብረው ይሄዳሉ። ገበሬዎቹ ለምን እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በአካባቢው ካሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የጋሼ ሙሄ እጅ ያልነካው ጥቂት ነው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ስነሳ ከየት እንደምጀምር ብዙ አሰብኩ። ጎረቤቴ ነበሩ፤ የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ሲናገሩ የሚጮኹ ሰው ነበሩ። የሚጮኹት ተቆጥተው አይደለም፤ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። በወጣትነታቸው በምሥራቁ በረሃ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ቦታ፣ ለዓመታት ሠርተዋል። ጋዙ ሲለቀቅ የሚያወጣው ጩኸት ጆሯቸውን እዚያው አስቀረው። መርሳ ውስጥ «ሙሄ ፍላንጅ» ቢባል የማያውቃቸው የለም።

ፍላንጅ ማለት ከቱቦ ጫፍ ጋር የሚበየድ፣ ዙሪያውን የቡሎን ቀዳዳ ያለው ወፍራም የብረት ክብ ነው። ሁለት ቱቦ ሲቀጠል ሁለቱ ፍላንጆች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ማሸጊያ ይገባና ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ። ከጋዝ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚገጠመው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ክብደቱን ሁለት ሰው አይችለውም፤ ማሸጊያውም የብረት ቀለበት ነው። ከምድር ሥር የሚመጣው ግፊት መጋጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካገኘ እንደ ቢላዋ ሰው ይቆርጣል ይሉን ነበር። የጋሼ ሙሄ ሥራ ያንን መጋጠሚያ መዝጋት ነበር።

የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር ከሌሎቹ ረዘም ይላል። የፍላንጁን ፊት በዚያ ጥፍር ይዳብሱታል፤ ዓይን የማያየውን ጭረት ጥፍሩ ያገኘዋል። ልማዱ ከሥራ አልፎ ቤት ገብቶባቸው ነበር። ሻይ ሲቀርብላቸው ከመጠጣታቸው በፊት የብርጭቆውን ከንፈር በጥፍራቸው ይዞሩታል።

«ጋሼ ሙሄ፣ ብርጭቆዬን አያምኑትም እንዴ?» ትላቸዋለች እናቴ።

«ብርጭቆውንስ አምነዋለሁ፤ አጣቢዋን ነው የማላምናት» ይሉና ወደ እኔ ያያሉ። የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ሌላው ልማዳቸው ሰውን ወደ ጎን መሳብ ነው። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ጎሚስታ ቤት የአይሱዙ ጎማ ሲነፋ ከብቦ የሚያይ ልጅ አይጠፋም። ጋሼ ሙሄ ሲያልፉ ኮሌታችንን ይዘው ወደ ዳር ያቆሙናል። «የታፈነ ነገር ፊት አትቁሙ! ከጎን እዩት፤ ከጎንም ይታያል!» ይላሉ በዚያ ድምፃቸው።

«ጋሼ፣ ጎማ ነው እኮ፤ ጋዝ አይደለም!» ይላል ጎሚስታው እየሳቀ።

«አንተ ብትስቅም እሱ አይስቅም» ብለው ያልፋሉ።

አሁን ስለ ሥራቸው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። ፍላንጅ ሲጠብቅ አንዱን ቡሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተጨመቀ ሌላው ወገን ይከፈታል። ስለዚህ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል። አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በማዶ ሆነው፣ ትይዩ ያሉትን ሁለት የቡሎን ዳዶዎች በአንድ ጊዜ ያጠብቃሉ። መሪው «ሩብ!» ሲል ሁለቱም መፍቻቸውን ሩብ ዙር ይስባሉ። «እለፍ!» ሲል ሁለቱም ወደሚቀጥለው ዳዶ ያልፋሉ። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ እየዞሩ፣ በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል እስኪሆን ይሠራሉ።

ጋሼ ሙሄ እንደሚሉት ጉልበት ዋና ነገር አይደለም። ከማዶ ያለው ሰው ሲስብ ስበቱ በብረቱ ውስጥ አልፎ ወደ ሌላው ሰው እጅ ይመጣል፤ መፍቻው ላይ በጣም ትንሽ ነገር ይሰማል። ሰው በሰላምታው እንደሚለይ በዚያም ይለያል ይሉ ነበር። «ዓይኔን ብትሸፍኑት ማን ከማዶ እንደቆመ እነግራችኋለሁ።»

በረሃው ውስጥ ከማዷቸው ይቆም የነበረው ታደሰ የሚባል የጉባ ላፍቶ ደጋ ልጅ ነው። ስለ ታደሰ ሲያወሩ ብቻ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በረመዳን ታደሰ ምሳውን ከእሳቸው ተደብቆ ይበላል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ እሳቸው ሥጋቸውን ከታደሰ ተደብቀው ይበላሉ። «ሁለታችንም የምንደበቀው አንድ የውኃ ታንከር ጀርባ ነበር» ይሉና ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ወሬውን ይተዉታል።

ጋሼ ሙሄ ሊያገቡ ፈቃድ ወስደው መርሳ በመጡ ጊዜ ታደሰ ለሚዜነት ሊከተላቸው ፈልጎ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲለቁ ግን አልተፈቀደም። ሠርጉ አልፎ ሙሽሮቹ ገና ከቤት ሳይወጡ ወሬው ደረሰ። በጋሼ ሙሄ ቦታ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። መጋጠሚያው ግፊት ሲገባበት ከታደሰ ወገን ተለቀቀ።

እሳቸው ከዚህ አልፈው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የቀረውን የነገሩን ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ናቸው። «ሙሽራ ሆኜ ለቅሶ ቤት የሄድኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ይሉ ነበር። «የእጄ ሂና ገና ቀይ ነው። በሻሽ ጠቅልዬ ደጋ ወጣን። የታደሰ እናት እጄን ስትጨብጥ ሻሹ ተፈታ። አየችውና ‹ሙሽራይቱ አንቺ ነሽ? እንኳን ሙሄ ለሠርጉ ሄደ፣ ልጄ፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ተረፈልን› አለችኝ። ሙሄ አጠገቤ ቆሟል። ያንን ቃል ሰምቶ ነው ወደ በረሃ አልመለስም ያለው።»

መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ የቶርኖ ማሽን ያለው የብረት ሥራ ቤት ከፈቱ። በሐብሩ ወረዳ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ መቆፈር የተስፋፋበት ዘመን ስለነበር የጉድጓድ አፍና የመስኖ ቱቦ ፍላንጅ የሚፈልግ አልጠፋም። ከማዶ የሚቆም ሰው ግን ጠፋባቸው። የቀጠሩት አንዱ ይቸኩላል፤ ሌላው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ጋሼ ሙሄ ሁሉንም ከታደሰ ጋር ስለሚያነጻጽሩ ማንም አልቆየላቸውም።

«ምሳ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው የተጀመረው» ይሉ ነበር እትዬ ከድጃ። «ሠራተኛው ቀርቷል። ገበሬዎቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሙሄ ወዲህ ያጠብቅና ዞሮ ወዲያ ይሄዳል፤ ወዲያ ያጠብቅና ይመለሳል። እንደ አውድማ በሬ ሲዞር አሳዘነኝ። ምሳውን አስቀምጬ መፍቻውን ያዝኩ።»

«አዘነችልኝ ትላለች!» ይላሉ ጋሼ ሙሄ። «ምሳው ቀዘቀዘ ብላ ነው የቸኮለችው።»

«ቢቀዘቅዝስ? አንተ ጣዕም መቼ ታውቃለህ፣ በረሃ የቆርቆሮ ምግብ ሲበላ የኖረ ሰው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት ከማዷቸው የቆመ ሌላ ሰው የለም። እትዬ ከድጃ ቀሚሳቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ሻሻቸውን ከኋላ ቋጥረው፣ ከባላቸው ትይዩ ይቆማሉ። ጋሼ ሙሄ ዳዶውን አያዩም፤ የሚያዩት የባለቤታቸውን ፊት ነው። እትዬ ከድጃ ከንፈራቸውን ሲነክሱ ዳዶው እንደጠበቀ ያውቃሉ። «ሩብ!» ይላሉ፤ «ሩብ!» ይመልሳሉ እትዬ ከድጃ። «እለፊ!» ይላሉ፤ «አልፌያለሁ!» ይሏቸዋል። የመርሳ ሰው መጀመሪያ ላይ በጣም ስቆ ነበር አሉ። ሴቶቹ ገበያ ላይ «ከድጃ፣ ባልሽ ብረት ጠምዛዥ አደረገሽ?» ይሏቸዋል።

«እናንተ ባሎቻችሁ ከቤት ሲወጡ የት እንደሚውሉ አታውቁም» ይሉ ነበር እትዬ ከድጃ። «የኔ ባል እኔ ካልቆምኩለት ሥራ አይጀምርም።»

ልጃቸው ሞሚና አንድ ናት። ያደገችው በዚያ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ከእናቷ ማዶ ቆማ መፍቻ መሳብ እየተማረች ነው። አግብታ አዲስ አበባ ከገባች ቆይታለች።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሆንኩበት ዓመት እትዬ ከድጃ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ወጥ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ። እናቴን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ጠፍቶባቸው የኛ በር ላይ ቆመው «እናንተ ልጆች፣ የሙሄ ቤት በየት ነው?» አሉን። ጋሼ ሙሄ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው መጡና እጃቸውን ይዘው «ነይ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» ብለው ወሰዷቸው። ስንስቅ አዩን መሰለኝ፤ ወደ እኛ አልዞሩም።

ሥራው ላይ ግን እትዬ ከድጃ አልተሳሳቱም ነበር። እስከዚያች ቀን።

የዚያን ቀን የሚገጠመው ጉድጓድ የአጎቴና የጎረቤቶቹ ስለነበር እኔም እዚያ ነበርኩ። ዝናቡ አጥሮ ማንጎው ፍሬውን ሳይዝ አበባውን እያራገፈ ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ ሰንብቶ፣ ተጠግኖ፣ የጉድጓዱ አፍ ሊገጠም ነው። አጎቴና ሰዎቹ ሞተሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። «ሩብ!» አሉ ጋሼ ሙሄ። እትዬ ከድጃ ሳቡ። ከዚያ «እለፊ!» ሳይባሉ ያንኑ ዳዶ መልሰው ሳቡ፤ አሁንም ሳቡ። ጋሼ ሙሄ ቀና ብለው አዩዋቸው።  ዙሩን ጨረሱና እንደ ልማዳቸው በመጋጠሚያው ክፍተት ላይ ጥፍራቸውን አዞሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጣታቸው ቆመ። መፍቻውን አንሥተው ሁሉንም ዳዶ ማላላት ጀመሩ።

«ጋሼ ሙሄ! ምን ሆኑ? ሞተሩ ሊነሣ ነው እኮ!» አለ አጎቴ።

«ተሳስቻለሁ። ማሸጊያውን አበላሸሁት። ነገ ሌላ ይዤ እመጣለሁ።»

«ይኼው ቢሆንስ? ገና አሁን አይደል የገባው?»

«አንዴ አላግባብ የተጨመቀ አይሆንም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔን ተቆጣ።»

አጎቴ ተቆጣ። ዛፉን እያሳየ ብዙ ተናገረ። ጋሼ ሙሄ አቀርቅረው ያላላሉ። እትዬ ከድጃ መፍቻቸውን እንደያዙ ወደ ማንጎው እያዩ «ይኼ የማን ማሳ ነው? ደስ ሲል» አሉ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደመጡበት እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል። አጎቴ ቁጣውን ትቶ ወደ ሞተሩ ዞረ።

በማግስቱ ጋሼ ሙሄ ከወልድያ ሰው ቀጥረው መጥተው ሥራውን ጨረሱ። ከዚያ ሥራ ቤቱን ዘጉት። ቶርኖው ተሸጠ። ከሁለቱ መፍቻዎች ሌላ ወደ ቤት ያመጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሥራ ቤቱ በር ላይ እንደ ምልክት ቆመው የነበሩትን ሁለት የጋዝ ጉድጓድ ፍላንጆች። አገልግሎታቸውን የጨረሱ ናቸው፤ አንድ የድሮ የበረሃ ባልደረባቸው ሹፌር ነበር ያመጣላቸው። ግቢያቸው ውስጥ የብረት ማቆሚያ በየዱና ሁለቱን ፍላንጆች አጋጥመው በስምንት ቡሎን አሰሯቸው። ከወዲህም ከወዲያም ቱቦ የለም። ምንም አይገባበትም፤ ምንም አይወጣበትም።

በየጠዋቱ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆሙና ያጠብቁታል። ከሰዓት በኋላ እትዬ ከድጃ ሲተኙ ጋሼ ሙሄ ብቻቸውን ያላሉታል፤ ለነገ እንዲሆን። እኔ ለፈተና ሳጠና በአጥሩ በኩል «ሩብ!» «ሩብ!» ይሰማኛል። የሰፈሩ ሰው «ሙሄም አብሮ ለቀቀ» ማለት ጀመረ።

በኢድ ሞሚና ከአዲስ አበባ መጣች። እናቴ ዳቦ አስይዛ ልካኝ ስገባ አባትና ልጅ ብረቱ አጠገብ ቆመው እየተነጋገሩ ነበር። እትዬ ከድጃ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ምን ማለት ነው ይኼ?» ትላለች ሞሚና። «እሷ ታማለች፤ ማረፍ ነው ያለባት። አንተ ብረት ታስጎትታታለህ። ሰው ምን ይላል?»

«ደንቆሮ ነኝ እኮ፤ ሰው የሚለውን የት እሰማለሁ?»

«አትቀልድብኝ! እኔ ጋ እወስዳታለሁ። ሐኪም አለ፣ ሠራተኛ አለች። አንተም ትመጣለህ።»

ጋሼ ሙሄ ዳቦውን ከእጄ ተቀብለው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ሰማሁ።

«ሞሚና፣ ጠዋት ስትነቃ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ትፈራኛለች። አልጋው ጫፍ ላይ ሽምቅቅ ብላ ‹አንተ ሰውዬ፣ ባሌ ሳይመጣ ውጣ› ትለኛለች። ወጥቼ በር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ‹ሙሄ ሥራ ላይ ነው፤ ይጠብቅሻል› ብላ ታመጣልኛለች የትዕግሥት እናት። መፍቻውን ትይዛለች። አንዴ ስባ፣ እኔም ስስብ፣ ቀና ትልና ‹ሙሄ› ትለኛለች። በቀን ውስጥ የማገኛት ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ወስደሽ መፍቻውን የት ታስይዥያታለሽ?»

 ሞሚና የመጣችበትን ጊዜ ጨርሳ እናቷን ሳትወስድ ተመለሰች። ግን በልቧ እንዳልተቀበለችው ያስታውቅ ነበር፤ ስትሰናበት ብረቱን በሩቅ ዞራው ነው የወጣችው።

እኔ ወልድያ ከገባሁ በኋላ ለእረፍት ስመጣ መጀመሪያ የማዳምጠው ያንን ድምፅ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በአንድ እሑድ ነው። ጋሼ ሙሄ ቀጥነዋል፤ አንዱን ዙር ጨርሰው ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ደክሞዎታል፤ ለምን ሐኪም አያዩም?» አልኳቸው። «እኔ ከታመምኩ ማን ይቆምላታል?» አሉኝ።  ከዚያ ግን «አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ጀሊሉ ጌታ ያውቃል» ብለው ተነሡ።

ለቅሶ ቤቱ ስገባ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሞሚና ከእናቷ አጠገብ ፊቷ አብጦ ግድግዳ ተደግፋለች። እትዬ ከድጃ በመካከላቸው ናቸው፤ ዙሪያቸውን ያያሉ።

«ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ ቀደመችኝ። «የሩቅ ዘመድ ነው፣ እትዬ።»

«አይ፣ አብሽሩ። አልቅሳችሁ አትሙቱ» አሉ እትዬ ከድጃ፤ አጠገባቸው የምታለቅሰውን ሴት ጀርባ እየደባበሱ። ያቺ ሴት ሞሚና ነበረች።

አንዲት አሮጊት መነገር አለባቸው አሉ። ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ትገባለች፤ ወራት ቆጥራ ከቤት ሳትወጣ፣ ሳታጌጥ ትቆያለች። ሳያውቁት እንዴት ይገባሉ? ሼኩ ተጠየቁ። «አቅሏን ያጣች ሰው አትገደድም። ቤቷ ትቀመጥ፤ አታስጨንቋት» አሉ። እናቴም «ባያውቁት ይሻላል፤ ሐዘኑ ለእኛ ይበቃል» አለች። ስለዚህ ለእትዬ ከድጃ ሙሄ ብረት ሊገዛ ወልድያ ሄዷል ተባለ። ሞሚና የዒዳው ጊዜ እስኪያልፍ መርሳ ልትቆይ፣ ከዚያ እናቷን ልትወስድ ወሰነች።

ግን እትዬ ከድጃ በየጠዋቱ መፍቻቸውን ይዘው ብረቱ አጠገብ ይቆማሉ። ይጠብቃሉ። ሲደክማቸው ያስገቧቸዋል፤ ተመልሰው ይወጣሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወልድያ መጣሁ። ለቅሶተኛው ቀንሷል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። እትዬ ከድጃ ግቢው ውስጥ እንደቆሙ ናቸው። «ምግብም እንቢ ብለዋል» አለችኝ እናቴ። «‹ሙሄ ይምጣና› ነው የሚሉት።»

ሞሚና ከቤት ወጣች። ብረቱ ሥር የነበረውን ሁለተኛ መፍቻ አነሣች።

«ተይ ሞሚና፣ ይብሱኑ ይረበሻሉ» አለቻት እናቴ።

«ታዲያ እስከ መቼ ትቁም?» አለችና ከእናቷ ማዶ ሄዳ ቆመች።

የእትዬ ከድጃ ፊት በራ። መፍቻቸውን ዳዶው ላይ አሳረፉ።

«ሩብ!» አለች ሞሚና፤ ድምፅዋን እንደ አባቷ ከፍ አድርጋ።

«ሩብ!» አሉ እትዬ ከድጃ። ሳቡ።

«እለፊ!»

«አልፌያለሁ!»

ሞሚና ሥርዓቱን አልረሳችም። እኩል ትስባለች፤ አትቸኩልም። ሁለተኛው ዳዶ ላይም በደህና አለፉ። ሦስተኛው ላይ ግን እትዬ ከድጃ ቆሙ። መፍቻውን አልለቀቁም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ከሩቅ የሚጠራቸውን እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኑ።

«እንደገና ሳቢ» አሉ።

ሞሚና ሳበች።

እትዬ ከድጃ እጃቸውን ከመፍቻው አነሡ። መፍቻው ዳዶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከብረቱ ማዶ ያለችውን ሰው ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።

«ሞሚና» አሉ። «መቼ መጣሽ?»

እናቷ በስሟ ካልጠሯት ከዓመት በላይ ሆኗል።  «ቆየሁ፣ እማ» አለች ሞሚና።

«አባትሽ ሞቷል?»

ሞሚና እናቴን አየቻት። እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ወደ እኔም ዞረች።

«አዎ እማ» አለች። «ሞቷል።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ እትዬ ከድጃ። ከዚያ «ማን አጠበው?» ብለው ጠየቁ።

«ሼኩና የመስጊድ ሰዎች ናቸው።»

«ሚስቱ እኔ እያለሁ?»

ሞሚና መፍቻውን ጥላ ብረቱን ዞራ አቀፈቻቸው። እትዬ ከድጃ አላለቀሱም፤ ልጃቸው እስክታበቃ ጀርባዋን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ በራሳቸው እግር ወደ ቤት ገቡ። እናቴ ተከትላቸው ገባችና ግድግዳ የተደገፈውን ምንጣፍ መልሳ ዘረጋችው።